የአርሊስ ቀኝ አይለሮን

አርሊስ ትቬት ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ሥራ ከኮርኒስ በላይ ነው። የማሞቂያ አየር የሚሄድበትን የላሜራ ቱቦ ትቆርጣለች፣ ታጥፋለች፣ ትገጥማለች፤ ከዚያ አናጺ ይመጣና ይሸፍነዋል። የከተማችን ትምህርት ቤት፣ የሉተራን ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ የእህል ማኅበሩ ቢሮ፣ በረዶ ሲወርድ የሚሞቁት በእሷ ቱቦ ነው። አንድም ሰው ግን ቀና ብሎ «ይህን ማን አጠፈው?» ብሎ አያውቅም። እሷም ቅር ብሏት አያውቅም። ማንም በማያየው ጠርዝ ላይ ሞረድ ታመላልሳለች፣ ጣቷን ታሳልፍበታለች፣ ካልወደደችው እንደገና ትሞርደዋለች። አለቆቿ «በቃ፣ ይሸፈናል እኮ!» ሲሏት «የሚሸፈን ነገር ነዋ ይበልጥ የሚጠነቀቁለት» ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ጡረታ በወጣች ማግስት የባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን ንድፍ አዘዘች። ሙሉ አልሙኒየም፣ ከላሜራ ተቆርጦ ቤት ውስጥ የሚሠራ። የአውሮፕላን ሜዳችን በበቆሎና በአኩሪ አተር ማሳ መሃል ያለ አንድ አስፋልትና አሥራ አንድ የአውሮፕላን ማደሪያ ሃንጋር ነው፤ ከአሥራ አንዱ በአራቱ ውስጥ ሰው አውሮፕላን እየሠራ ነው። ስለዚህ የገረመው አልነበረም። የእኔ ሃንጋር ከእሷ ጎን ስለሆነ ላሜራን ከላሜራ ጋር ከምታያይዘው ከመጀመሪያዋ ሪቬት ጀምሮ አይቻለሁ።

ባሏ ኦሪንም ባለሙያ ነው፤ የማጠናቀቂያ አናጺ። ቁም ሳጥን፣ ደረጃ፣ በር። ከተጋቡ ሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። አውሮፕላኑን አልተቃወመም፤ ግን በስድስት ዓመት ውስጥ ሃንጋሩን አንድ ጊዜ እንኳ አልረገጠም። ሁለተኛው ወንበር ለማን እንደተሠራ ሁላችንም እናውቃለን። እሱም ያውቃል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ካፌ ቁርስ ላይ ዴል አነሳበት። ዴል የበቆሎ ገበሬ ነው፣ አውሮፕላኑን ሠርቶ ጨርሷል፣ ሰው ላይ ሳያሾፍ ቁርስ አይወርድለትም።

«ኦሪን፣ ትሳፈራለህ ወይስ አትሳፈርም? ቁርጡን ንገረን።»

«አልሳፈርም።»

«ፈሪ!»

«ፍርሃት አይደለም» አለ ኦሪን፣ ሹካውን አስቀምጦ። «አርባ ዓመት ቤት ሠርቻለሁ። በዚህ ከተማ የትኛው ቤት፣ የትኛው በር ሥር ክፍተት ለመድፈን ስቱኮ እንደጠቀጠቅኩ አንድ በአንድ አውቃለሁ። የተሳሳተ ሠሪ ይሸፍናል። እኔም ሸፍኛለሁ። ስቱኮ ያለበት ቤት ውስጥ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ስቱኮ ላይ ግን አልበርም።»

«የእኔ ላሜራ ውስጥ ስቱኮ የለም» አለች አርሊስ ፓንኬኳን እየቆረጠች።

«ሁሉም ሠሪ እንደዚያ ይላል፣ አንቺዬ። እኔም ለደንበኞቼ የምነግራቸው ይህንኑ ነው።»

ሳቅን። አርሊስ አልሳቀችም።

በዚያ ሰሞን ክንፎቹ አልቀው ወደ አይለሮኖቹ ገብታለች። አይለሮን ማለት ክንፉ ጫፍ አጠገብ፣ ከኋላ በኩል በማጠፊያ የሚንጠለጠለው ሰሌዳ ነው። የቀኙ ወደ ላይ ሲል የግራው ወደ ታች ይላል፣ አውሮፕላኑም ይጋደላል፣ ይዞራል። ርዝመቱ አንድ ሰው ቢያክል ነው፤ በአንድ እጅ ይነሳል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ትንሽ ከተጣመመ አውሮፕላኑ ዕድሜ ልኩን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ሚዛኑ ከተዛባ ደግሞ ፍጥነት ሲጨምር ይርገበገባል፤ የሚርገበገብ አይለሮን ክንፉን ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ አርሊስ መጀመሪያ የሠራችው ጠረጴዛውን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ከእግሮቹ ሥር ስስ ላሜራ እያስገባች፣ በውሃ ልክ እያየች ደልድላዋለች። ከዚያ ጉድጓድ፤ በትንሽ ፑንታ ትበሳለች፣ በልኩ ታሰፋለች፣ ላሜራዎቹን ትነጣጥላለች፣ ፑንታው በሁለቱም ፊት የተወውን ሹል ጠርዝ ታለሰልሳለች፣ ሪቬቱ ላሜራው ውስጥ እንዲተኛ ጠርዙን ትጫናለች። ላሜራ ላሜራን የሚነካበትን ቦታ ብቻ ፀረ ዝገት ትቀባለች፤ የቀረውን ክብደት እንዳይጨምር ራቁቱን ትተወዋለች። አንድ ጉድጓድ ጋ አምስት ጊዜ ትመለሳለች። ጉድጓዶቹ ከአራት መቶ በላይ ናቸው።

እኛ ሜዳ ላይ አንድ ልማድ አለ። ማንኛውም ቁራጭ የመጨረሻው ረድፍ ሪቬት ተመትቶ ከመዘጋቱ በፊት ሁለት ነገር ይደረግለታል። አንደኛ፣ ሌስተር ኩይፐር በባትሪና በትንሽ መስታወት ውስጡን ያዩታል። ሌስተር ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን የእርሻ መርጫ አውሮፕላን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፣ እሳቸው «ይዘጋ» ሳይሉ የሚዘጋ የለም። ሁለተኛ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ የላሜራው ውስጥ ገጽ ላይ ስሙን ይጽፋል። ማንም የማያየው፣ አውሮፕላኑ እስካለ ድረስ የሚኖር ስም ነው። በጥቁር ማርከር ይጻፋል። ማርከር መሆን አለበት፤ የጽሕፈት እርሳስ አይሆንም። የእርሳሱ ጥቁር ራቁት አልሙኒየም ላይ ሲቀመጥና ጤዛ ሲያገኘው ብረቱን ቀስ እያለ ይበላዋል። ላሜራ የሚነካ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። አናጺ አያውቀውም፤ ከምን ያውቀዋል?

የቀኙ አይለሮን በሚዘጋበት ቅዳሜ አርሊስ ለእንግዶቿ የጋገረችውን ጣፋጭ ቤት ረስታው መጣች። ኦሪን በመኪናው አመጣላት። ሳህኑን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ!» አሉት ሌስተር። «አይነክስህም፤ ገና ጥርስ አልገጠምንለትም።»

ገባ። ሳህኑን አስቀምጦ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ዞረው። ወጣ። የሄደ መሰለን፤ ከመኪናው ረጅሙን ውሃ ልኩን ይዞ ተመለሰ። ማንንም ሳያስፈቅድ አይለሮኑ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አጋደመው፣ ጎንበስ አለ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ አየ። ወደ ሌላው ጠርዝ አዛወረው። እዚያም አየ። ውሃ ልኩን አነሳ። አርሊስ ጀርባዋን ሰጥታው ጣፋጩን ትቆርጥ ነበር፤ ቢላዋው ግን ቆሟል።

ስም መጻፍ ተጀመረ። ማርከሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ዴል ከስሙ በታች በቆሎ ሲሥል፣ እኛም በእሱ ስንስቅ፣ ኦሪን በሌላኛው ጥግ ተጠግቶ ጻፈና «መኪናው ሞተሩ አልጠፋም» ብሎ ወጣ። ሌስተር አርሊስ ለምትይዘው የሥራ መዝገብ ፎቶ አነሱ። «ይዘጋ» አሉ። አርሊስ ሰባ አራቱን ሪቬት አንድም ሳታበላሽ ዘጋች። አጨበጨብን። እንደዚያ ቀጥ ያለ ረድፍ እኔ በራሴ አውሮፕላን ላይ የለኝም።

ሰኞ ዕለት ፎቶውን ይዛ መጣች። እኔ፣ ሌስተርና ዴል እኔ ሃንጋር ነበርን።

«ይህን እዩልኝ» አለች።

ከስሞቹ መሃል አንዱ ጥቁር አይደለም። ግራጫ ነው፣ ያብረቀርቃል።

ሌስተር ፎቶውን ዓይናቸው ሥር አስጠጉት። «መብራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዓይኔ እያለ አላየሁም።»

«የእርሳስ ጭረት እኮ ነው!» አለ ዴል። «እሱ ላሜራውን በልቶ እስኪጨርስ ጥርስሽ ያልቃል። ያኔ ሁለታችሁንም አብረን እንጠግናለን።»

«ሌስተር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

«መጽሐፉን ከጠየቅሽ ይጸዳል ይላል። እኔን ከጠየቅሽ ከእኔ በላይ ይኖራል። እርሳሱ አይደለም የሚያሰጋኝ፣ መክፈቱ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ሪቬት የሚወጣው ራሱ ተሰርስሮ ነው። ፑንታው በፀጉር ያህል ካመለጠ ጉድጓዱ ይሰፋል። አንድ ሁለት ቢሰፋ ከፍ ያለ ሪቬት ይይዘዋል፤ ስድስት ሰባት ከሰፋ ላሜራው ይጣላል፣ የአንድ በጋ ሥራም አብሮ ይጣላል። ማንም ያላነሳው ሌላ ነገርም ነበር። ግራጫው ጽሑፍ የማን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። ሰውየው በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን መጣ፣ ያንኑ ቀን አበላሸ። ይህን ቢሰማ ተመልሶ አይመጣም። እውነቱን ለመናገር እኔ ብሆን አልከፍተውም ነበር፤ ይህንኑም ነገርኳት።

«እከፍተዋለሁ» አለች። «ለኦሪን ግን አትንገሩት።»

ማክሰኞ ጠዋት ጀመረች። እኔ እንዳይንሸራተት ሌላውን ጫፍ ያዝኩላት። መብሻውን ትራፓኖ ቀስ አድርጋ ትይዛለች፣ የሪቬቱ ራስ ልክ ሲላቀቅ ታቆማለች፤ የቀረውን በቀጭን የብረት መምቻ ነካ አድርጋ ትገፋዋለች። የሚሽከረከር ሪቬት ሲገጥማት በፕላስተር አጣብቃ ትይዘዋለች። አትቸኩልም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አምሳ አንድ አውጥታለች፣ አንድም ጉድጓድ አልሰፋም። ለምሳ ወደ ቤት መሄዷን ግን ረሳች።

ኦሪን ከድንችና ከሥጋ የተጋገረውን ምሳ በፎጣ ጠቅልሎ መጣ። «ምሳሽ በረደ እኮ፣ እመቤት» እያለ ገባና ጠረጴዛው ላይ ያለውን አየ።

«ይህ ቅዳሜ የዘጋሽው አይደለም?»

«ነው።»

«ምን ተሳስተሽ ነው?»

አርሊስ ቀና አለች። ትራፓኖውን አየች፣ እኔን አየች። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«እኔ አልተሳሳትኩም» አለች በመጨረሻ። «አንተ በእርሳስ ጻፍክበት። እርሳስ ይህን ብረት ይበላዋል።»

የኦሪን እጅ ወደ ጆሮው ሄደ። የአናጺ እርሳሱ እንደ ወትሮው ጆሮው ላይ ተሰክቶ ነበር። አወጣውና እንደማያውቀው ነገር አገላብጦ አየው።

«ስንት ቃል ነበር የጻፍኩት?»

«ሁለት። ከስምህ ጋር ሦስት።»

«ለሦስት ቃል ሰባ አራት ሪቬት?»

«ስምህን አሳጥረህ ብትጽፍም ያው ነበር።»

«ዘግተሽው ነበር እኮ፣ አርሊስ። ሰው አይቶ፣ አጨብጭቦ ሄዷል። ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም አያውቅም ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ስቱኮ ነዋ!»

ኦሪን እርሳሱን ኪሱ ከተተ። አርሊስ ወደ ሥራዋ ዞረች፤ ደሟ ግን ሞቆ ነበር፣ የሚቀጥለው ሪቬት ላይ ፑንታው ሸሸ። «ኧረ ተይ!» አለች ለራሷ። ለካችው፤ ሰፍቷል። ትራፓኖውን አስቀምጣ መዝገቡን ሳበችና ጻፈች፦ «ቀኝ አይለሮን፣ አምሳ ሁለተኛው ጉድጓድ ሰፋ። ተናድጄ ስለቸኮልኩ። ከፍ ባለ ሪቬት ይዘጋል።»

«ምንድን ነው የምትጽፊው?»

«የሆነውን።»

«ስህተትሽን ትጽፊዋለሽ?»

«ሁሉም ይጻፋል። ነገ ይህን አውሮፕላን የሚያበር ሰው የት የት ማየት እንዳለበት ይወቅ።»

«ስጪኝ እስቲ።»

መዝገቡን ተቀብሎ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። መነጽሩን አደረገ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። እኛ ሪቬት ስናወጣ እሱ ስድስት ዓመት ሙሉ ያላየውን አነበበ፦ የተጣለ ላሜራ፣ ሁለት ጊዜ የተቆረጠ የክንፍ አጥንት፣ ተገላብጦ የተገጠመ ማጠፊያ፣ በቀንና በምክንያት። ምሳው በፎጣው እንደተጠቀለለ ቆየ። ድንገት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«"መጋቢት ሦስት። ሁለት የግራ አይለሮን ሠራሁ።" ሁለት ግራ?»

«አዎ።»

«ቀኙስ?»

«ቀኙን አልሠራሁትማ! ንድፉን ሳልገለብጥ የግራውን ደግሜ ሠራሁት። ትርፉ ያውልህ፣ ግድግዳው ላይ።»

ኦሪን ቀና ብሎ አየ። «እኔ ለጌጥ የሰቀልሽው መስሎኝ!» አለና መሳቅ ጀመረ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ፣ እንደገና ሳቀ። አርሊስም ሳቀች፤ ትራፓኖውን ግን መጀመሪያ አስቀመጠች።

«እኔ አንድ ጊዜ ሁለት የግራ በር ሠርቻለሁ» አለ ሲበርድለት።

«የማን ቤት?»

«አልናገርም።»

«ጻፈው! መዝገቡ ባዶ ገጽ አለው።»

ከምሳ በኋላ የመጨረሻው ሪቬት ወጣ። ሰባ አራት፤ የሰፋው አንድ ብቻ። ላሜራውን ቀስ ብላ ስታነሳው ጽሑፉ ታየ፦ «ቀጥ ብሏል። ኦሪን።» እኔ ይህን ሰው ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ፤ የራሱን በር እንኳ ቀጥ ብሏል ሲል ሰምቼው አላውቅም። አርሊስ ከፎቶው አንብባዋለች። አልኮል ጨርቅ ላይ አፈሰሰች። ኦሪን ሊያግዛት የብርጭቆ ወረቀት ከኪሱ አወጣ።

«ኧረ! እሱን አርቅልኝ! ይህ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን አይደለም!»

«ይቅርታ፣ አለቃ።»

በለስላሳ ጨርቅ አሽታ አሽታ ግራጫው ሙሉ በሙሉ ለቀቀ። ማርከሩን ሰጠችው። ኦሪን አልተቀበላትም።

«ከተከፈተ እንደገና ይለካል» አለ። «ሳላይ አልፈርምም።»

ውሃ ልኩን አምጥቶ አጋደመ። አንደኛውን ጠርዝ አየ፣ ሌላውን አየ፣ ጥግ ላይ ቆመ። «ና እስቲ፣ አንተም እይ» አለኝ። በውጭኛው ጫፍ ሥር የወረቀት ውፍረት የምታህል ብርሃን ታልፋለች። ስንከፍተው ከጠረጴዛው ጋር የሚይዘው ማሰሪያ ላልቶ ነበር። እንዲሁ ዳግመኛ ብንዘጋው ኖሮ ተጣሞ ይቀር ነበር። አርሊስ ፈታ አድርጋ እንደገና አሰረችው፤ ኦሪን ጎንበስ እንዳለ «ትንሽ፣ ትንሽ... አንድ ፀጉር... በቃ!» አለ። ብርሃኗ ጠፋች። ያኔ ማርከሩን ተቀበለና ያንኑ ቃል ጻፈ። ሌስተር ተጠርተው መጡ። በዚህ ጊዜ ባትሪውን ይዘው እያንዳንዱን ፊደል አዩ፤ ስማቸውን የጻፉበትን ራሱ ደግመው አዩ።

«ይዘጋ።»

ኦሪን ሥራ ቦታ አልተመለሰም። እሱ የሪቬት መግጠሚያ መሣሪያ ይዞ ከአንዱ ጫፍ፣ እሷ ከሌላው ጀመሩ፤ መሃል ላይ ተገናኙ። የእሱ ሪቬቶች የትኞቹ እንደሆኑ አሳየን ብትሉኝ አላውቅም፤ እሷ ግን ታውቃለች፣ መዝገቡም ላይ አለ።

ከዚያ ቀለም፤ ነጭ፣ በጣም ስስ፣ ቀለም ኋላውን ስለሚያከብደው። ደርቆ ሲያልቅ በሁለት ቀጭን ዘንግ አንጠልጥላ ሚዛኑን አየች። ኋላው መውደቅ የለበትም፤ አልወደቀም፣ የፊት ጠርዙ በቀስታ ዘንበል ብሎ ቆመ። ሌስተር በጣታቸው ነካ አድርገው ለቀቁት፤ ተወዛውዞ እዚያው ተመለሰ። «ይህን ለሌሎቹ አሳዪያቸው» አሏት። ሌሎቹ ማለት እኔና ዴል ነን።

የመንግሥት መርማሪው መጥቶ ወረቀቱን ፈረመ። ሕጉ ለአዲስ አውሮፕላን አርባ ሰዓት ለብቻ መብረር ነው፤ ተሳፋሪ አይፈቀድም። አርሊስ መጀመሪያ የተነሳች ቀን ከተማው ግማሹ ሜዳው ዳር ነበር። ስትወርድ ዴል ሮጦ «ይጎትታል?» ብሎ ጠየቃት። ሁለት እጇን አንስታ አሳየችው። «እንዲህ አድርጌ ነው ከእህል ማኅበሩ ጎተራ እስከ ሐይቁ የሄድኩት። መሪውን አልነካሁትም።» ኦሪን ከኋላ ቆሞ ነበር። እጁን ኪሱ ከትቶ ክንፉ ጫፍ አጠገብ ሄደና አይለሮኑን ከፍ ዝቅ አደረገው፤ ማንም ሳይጠይቀው አጠገቡ ላለው ሰው «አምሳ ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ከፍ ያለ ሪቬት አለ፤ ሌላው ሁሉ ልኩ ነው» አለ።

አርባው ሰዓት መስከረም ላይ ሞላ። በማግስቱ ኦሪን የእንጨት ሥራ ቤቱን በጠራራ ፀሐይ ዘግቶ መጣ። ማንም «ና» አላለውም። ክንፉን ረግጦ ወጣ፣ ቀኙ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ «ቀበቶው በየት በኩል ነው?» አለ። አርሊስ አሰረችለት። ዴል አፉን ሊከፍት ሲል ሌስተር በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ወርደው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መስታወቱ ሲከፈት ተጠጋን። ኦሪን አልተነሳም።

«ወንድሜ ጋ በመኪና ስንት ሰዓት ነው?» አላት።

«አምስት።»

«በዚህስ?»

«ሁለት አይሞላም።»

«ነዳጅ አለ?»

«ሞልቷል።»

«ታዲያ ለምን ወረድን?»